በሰው ቁስል

የእህቴ ልጅ የሕክምና ተማሪ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለ ፈተና ሲቃረብ እኔ ዘንድ እየመጣ ያጠና ነበር፤ የእነሱ ቤት ጠባብ ነው፣ ታናናሾቹም አያስጠኑትም። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከነርቭና ከአከርካሪ ጋር ያለኝ ትውውቅ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ ካተረፍኩት የወገብ ሕመም አያልፍም። ቢሆንም ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ዘርግቶ ይሰጠኝና ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ይጠይቁኝ›› ይለኛል። እኔም የማላውቀውን እየጠየቅሁ፣ የሚመልሰውን ከደብተሩ ጋር እያመሳከርኩ፣ ሳላስበው እንደ ዋዛ መማር ጀመርኩ።

አንድ ምሽት የደረስንበት ምዕራፍ የሰውነት ስሜት ስለሚጓዝባቸው መንገዶች ነበር፤ ስለ መነካት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ እንዲሁም ዓይናችንን ጨፍነን እጅ እግራችን የት እንዳለ ስለምናውቅበት ስሜት። ልጁ ኅብለ ሰረሰርን በቁሙ ስሎ ሁለት መስመር አስምሮበታል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ሰማያዊው የመነካትና የአቋም ነው። ከእግር ጣት ተነሥቶ፣ በገባበት ወገን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከአንጎል ሥር ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል። ቀዩ የሕመምና የሙቀት ነው። እሱ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ገና እንደገባ ማዶ ተሻግሮ በሌላው ወገን ይወጣል።

‹‹ለምን መንገዳቸው ተለያየ?›› ብዬ ጠየቅሁት።

‹‹እሱ ለፈተና አይመጣም›› አለኝ።

ለፈተና የሚመጣው ሌላ ነው። ብራውን ሴካር የሚባል፣ በሞሪሸስ ደሴት የተወለደ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ ያሳየው ነገር ነው። ኅብለ ሰረሰሩ በግማሽ ጎኑ ብቻ የተቆረጠ ሰው ከቁስሉ በታች ለሁለት የተከፈለ ፍጡር ይሆናል። በተቆረጠው ወገን ያለው እግሩ ጉልበት ያጣል፣ የት እንዳለም አያውቅም፤ እሳት ሲነካው ግን ያውቃል። በሌላው ወገን ያለው እግሩ ይራመዳል፣ የት እንዳለም ያውቃል፤ እሳቱን ግን አያውቅም። አንድ ሰው፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ዓይነት ድንቁርና!

ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ ግን የፍጥነቱ ነገር ነው። መነካትን የሚያደርሱት ወፋፍራም ነርቮች በሴኮንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይጓዛሉ። ሹሉንና ፈጣኑን ሕመም የሚያደርሱ ቀጫጭኖች ከእነሱ ይዘገያሉ። የሚነደውንና የሚጠዘጥዘውን ሕመም የሚያደርሱት፣ የሁሉም ቀጫጭኖች፣ በሴኮንድ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ብቻ ነው የሚሄዱት፤ ይኸውም ሰው በእግሩ ከሚሄድበት የማይፈጥን ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ በጨለማ የእግርዎን ጣት ደፍ መትቶዎት አያውቅምን? መጀመሪያ ‹‹መታኝ›› ይላሉ። ቀጥሎ ትንፋሽዎን ውጠው፣ ፊትዎን አጨማደው አንድ አፍታ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ያውቁታል፤ እየመጣ ነው፣ በእግሩ እየመጣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ገጹን ገለጥኩ። ‹‹ጥያቄ፤ በስኳር በሽታ የተጎዱ የእግር ነርቮች ምልክታቸው ምንድን ነው?›› ብዬ አነበብኩ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየቆጠረ መለሰ፤ ‹‹ማቃጠል። መንዘር። ጉንዳን የሚሄድ መምሰል። አንሶላ እንኳ ሲነካ ማመም። ሌሊት መባስ። በመጨረሻም መደንዘዝ።›› ከደብተሩ ጋር አመሳከርኩት፤ አንድም አልሳተም። ዳሩ ግን ‹‹ልክ ነህ›› ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። እነዚያን ቃላት ቀደም ሲል ከአንድ ሰው አፍ፣ በዚሁ ቤት ውስጥ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ሰምቻቸዋለሁ። ያቺ ሰው በዚያች ሰዓት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴን እቴቴ ነው የምንላት። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ቆይቷል። ከዚያ ምሽት ስድስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ እግሯን ማመም ጀመራት። ‹‹ጉንዳን ወረረኝ›› ትላለች። ‹‹ፍም ረግጬ ያደርኩ ይመስለኛል›› ትላለች። ሌሊት ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገፍታ በሐምሌ ብርድ ባዶ እግሯን ታድራለች። እኛ ምን አልን? ብርድ ነው አልን። እርጅና ነው አልን። እህቴ ‹‹ብቻዋን ስለምትውል ነው፣ ሰው አጠገቧ ሲኖር አያማትም›› አለች። እኔ ምንም አላልኩም፤ ዝም ማለቴ ግን ከእህቴ አሳብ መስማማቴ ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ኤክስሬይ አነሷትና ‹‹አጥንቷ ደህና ነው›› አሉን። ፎቶውን አምነን፣ እሷን ሳናምን ተመለስን።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነች። ከዚያ ሕመሙ እያደር ቀለለና አንድ ቀን ጨርሶ ተወት። ደስታዋ አይነገርም! ለኅዳር ሚካኤል የተሳለችውን ጥላ አስገባች፤ እኔም የድርሻዬን አዋጣሁ። ያን ቀን ያመሰገንነው የነርቮቿን ሞት እንደነበር የነገረን አልነበረም።

በተከታዩ ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ማታ ቡና ተፈልቶ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። እቴቴ በርጩማዋ ላይ ሆና፣ እግሯን ከከሰል ማንደጃው ጥግ አድርጋ፣ ቶናውን ትቀዳለች። አንድ ነገር ሸተተኝ። ‹‹እጣኑ ላይ ፀጉር ወደቀ እንዴ?›› አልኩ። እሷም አሸተተችና ‹‹እኔንም ሸቶኛል›› ብላ ስኒውን አቀበለችኝ። ስኒውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ከእግሯ ጭስ ሲወጣ ያየችው የጎረቤት ልጅ ናት። የናይለኑ ካልሲ ቀልጦ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል። እቴቴ ወደ ታች አየች፤ የሌላ ሰው እግር የምታይ ነበር የምትመስለው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ከግራ እግሯ ሁለት ጣት ተቆረጠ።

የሒሳብ ሰው ነኝና የማውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይወራረድም። ሕመም ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ሐኪሙ ባለ ሹካ መሰሉን ብረት አንዝሮ አጥንት ላይ ያስቀምጣል፣ በጥጥ ይዳብሳል፣ በስፒል ይነካል፣ ጣትን ይዞ ‹‹ወደ ላይ ነው ወደ ታች?›› ይላል። መጨረሻ ላይ ግን የሚያደርገው ነገር መጠየቅ ነው፤ ‹‹ይሰማሻል?›› ይላታል። የሳይንሱ መንገድ ሁሉ አልቆ የሚደርሰው አንዲት አሮጊት በምትናገረው ቃል ላይ ነው። ቃሏን ካልተቀበለ መዝገቡ ባዶ ነው።

ቋንቋችን ይህን ከእኛ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል። አማርኛ ተናጋሪ ሕመም ‹‹አለኝ›› ከማለት ይልቅ ‹‹አመመኝ›› ይላል፤ ሕመሙ አድራጊ፣ እሱ ተደራጊ። ራሴን ፈለጠኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ጥርሴን ጠዘጠዘኝ። ፈላጩ፣ ቆራጩ፣ ወጊው ማነው? አይታወቅም፤ መጥረቢያና ቢላ ጦርም የያዘ አንድ ስም የለሽ ‹‹እሱ›› ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ ካናዳዊ ሊቅ ሕመምተኞች የሚናገሩባቸውን 78 ቃላት በ20 ወገን ከፍሎ መመዘኛ አድርጓቸዋል። ሰውየው የገባው ነገር፣ የሚያቃጥልና የሚቆርጥ ሕመም በቃል ሲለያዩ በምንጫቸውም ሊለያዩ እንደሚችሉ ነው። ለነገሩ ‹‹ሚጥሚጣው አቃጠለኝ›› ስንልም እየዋሸን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ የበርበሬን ማቃጠያ የሚቀበለውን የነርቭ በር ሲያገኙ፣ ያው በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀትም የሚከፈት ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ነርቭ ሚጥሚጣና እሳት አንድ ናቸው። ጁሊየስ በዚህ፣ አርደም ፓታፑቲያን ደግሞ መነካትንና የአካል አቋምን የሚያስታውቀውን በር በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። እቴቴ ግን ‹‹ፍም ረገጥኩ›› ስትል እኛ ቅኔ የምትቀኝ መስሎን ነበር።

ሕመም አለመኖሩ ጸጋ ነው የሚል ካለ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ ዘነበወርቅ የሚባለውን ሰፈር ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ያከመው እዚያ ነው። እኛ ከተሜዎች በልጅነታችን ስንፈራው የኖርነው ነገር፣ ሥጋ ‹‹እየበሰበሰ የሚወድቅ›› መስሎን ነበር። በሕንድ አገር ቬሎር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሠራው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ፖል ብራንድ ያረጋገጠው ሌላ ነው። ሥጋው ራሱ አይወድቅም፤ ጀርሙ የሚገድለው ነርቩን ነው። የማያመው ሰው ትኩስ ድስት በእጁ ያነሣል፣ ሚስማር በወጋው እግሩ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ሌሊት አይጥ ጣቱን ሲበላው አይነቃም፤ ስለዚህም ብራንድ ለታማሚዎቹ ድመት እስከ ማደል ደርሶ ነበር። ለዘመናት ሰውን ከሰው የለየው ቁስል ከበሽታው ይልቅ የዝምታው ሥራ ነበር ማለት ነው።

ብራንድ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ሰው ሠራሽ ሕመም ለመሥራት ሞከረ። ጫናው ሲበዛ የሚጮህ መሣሪያ ያለው ጓንትና ጫማ አዘጋጀ። ታማሚዎቹ ጩኸቱን ችላ አሉት። በኤሌክትሪክ የሚነዝር አደረገው። እነሱም የያዙትን ሥራ መጨረስ ሲፈልጉ መሣሪያውን ያጠፉት ነበር! በመጨረሻ ተወው። እውነተኛው ሕመም ማጥፊያ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ የለምና።

ከዚህ ተነሥቶ ብራንድ ሕመምን ማንም ያልፈለገው ስጦታ ብሎታል። ሰውየውን አከብረዋለሁ፤ በዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የእቴቴ የሁለት ዓመት እሳት ከምን አስጠነቀቃት? ፍም አልነበረም፣ ጉንዳን አልነበረም። የሚሞት ነርቭ በባዶ ቤት የሚደውለው ደወል ነበር። እውነተኛው ፍም ሲመጣ ደወሉ ተበጥሶ ነበር። ስጦታ የሚለው ቃል ምናልባት ያመመው ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ያምርበታል። ያላመመው ሰው ላመመው ሲናገረው ግን በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው።

የደወል ነገር ከተነሣ፣ ዴካርት የተባለው ፈላስፋ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1664 በታተመ መጽሐፉ ውስጥ እሳት ዳር የተንበረከከ ልጅ ሥዕል አለ። እሳቱ እግሩን ሲነካው በሰውነቱ ውስጥ የተዘረጋ ክር ይሳብና ጭንቅላቱ ውስጥ ይደርሳል፤ ገመድ ስቦ ደወል እንደ መደወል። አሳቡ ብዙ ዘመን ገዛ። ቁስሉ ትልቅ ከሆነ ሕመሙ ትልቅ፣ ቁስል ከሌለ ሕመም የለም። የጤና ጣቢያውም አሳብ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1946 እንደጻፈው፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ማስታገሻ ትፈልጋለህ ሲባሉ አልፈልግም ብለዋል። ለእነሱ ቁስሉ ከጦርነቱ መውጫ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ያው ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ኅብለ ሰረሰር ውስጥ በር አለ፤ መነካት በሩን ጠበብ፣ ሌላ ነገር ከፈት ያደርገዋል የሚል አሳብ አቀረቡ። ዝርዝሩ ኋላ ቢታረምም ፍሬ ነገሩ ቆሟል። የወደቀ ልጅ ጉልበቱን ስታሽለት፣ መሬቱንም ‹‹አንተ ነህ ልጄን የጣልከው? እንካ!›› እያለች ስትመታለት፣ እናት ሁለት ሥራ ትሠራለች። በማሸቷ በሩን ታጠባለች። መሬቱን በመምታቷ ደግሞ ‹‹እንዳመመህ አምኛለሁ›› ትለዋለች። ሁለተኛው ከፊተኛው የሚያንስ አይመስለኝም።

ታዲያ አመመኝ ያለን ሁሉ ልናምን ነውን? ይህን የምጠይቀው ከየዋህነት አይደለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ኖሬአለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚነሣ የወገብ ሕመም አይቻለሁ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አመመኝ ላለ ሁሉ ኃይለኛ ማስታገሻ ክኒን በማደላቸው እጅግ ብዙ ሰው በሱስና በሞት አጥተዋል። ነገር ግን ማመን ሌላ፣ ክኒን ሰጥቶ ማሰናበት ሌላ። እንዲያውም ክኒን ሰጥቶ ማሰናበት አንዱ ያለማመን መልክ ነው። ሁለቱን ስሕተት እንደ ሒሳብ ሰው ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው፣ ውሸታሙን ማመኔ የሚያስከፍለኝ የሦስት ቀን ፈቃድ ነው። እውነተኛዋን አለማመኔ ያስከፈላትን አውቀዋለሁ። ክፍያው የእኔ አልነበረም፤ ጣቱ የእሷ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በሠለጠኑት አገሮች በታላላቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር ብዙ አራስ ሕፃናት እዚህ ግባ የሚባል ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ነርቫቸው ገና አልበሰለምና አይሰማቸውም፣ ማደንዘዣውም ይጎዳቸዋል ይባል ነበር። ጮኸዋል፤ ጩኸቱ እንደ ቃል አልተቆጠረም። ነገሩን የለወጡት ዋና ዋና ጥናቶች የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ብዙ ያነበቡ፣ የራሳቸው ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው ይህን ያመኑት። እኔ በእነሱ ላይ ለመፍረድ መብቱ የለኝም፤ እኔም እንኳ የሚናገር ሰው ነበር ያላመንኩት።

ደብተሩ ውስጥ ገና ሌላ ነገር ነበር። ከስሜቶች ሁሉ ስም የሌለው፣ አምስቱ ሕዋሳት ሲቆጠሩ የተረሳው፣ የአቋም ስሜት። ኢያን ዋተርማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971፣ በ19 ዓመቱ፣ ከአንድ ሕመም በኋላ ከአንገቱ በታች ያለውን የመነካትና የአቋም ስሜት በሙሉ አጣ። ሕመምና ሙቀት ይሰማዋል፤ ጡንቻውም አልሰለለም። ግን እጁ የት እንዳለ ካላየው አያውቅም። መቀመጥን፣ መቆምን፣ መራመድን በዓይኑ እያየ እንደገና ተማረ። መብራት ድንገት ቢጠፋ ይወድቃል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ፣ እቴቴ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ሳሙናው ዓይኗን ሲያስጨፍናት እየተንገዳገደች ግድግዳ መያዟ ነው። ደም ግፊት ነው ብለን ጨው ከልክለናት ነበር።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ልጁ የተማረውን ሊሞክር ጥጥና ስፒል ይዞ እቴቴ ፊት ተቀመጠ። ‹‹ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ በነካሁዎ ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ›› አላት። ጨፈነች። ጥጡን ገና ከመንካቱ በፊት ‹‹አዎ›› አለች። እግሯን ነካው፤ ዝም። እጁን አነሣ፤ ‹‹አዎ፣ የኔ ልጅ።›› ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እሷ ዓይኗን ጨፍና የምትፈልገው ጥጡን አልነበረም፤ ልጁን ደስ የሚያሰኘውን መልስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አመመኝ ስትለን ፊታችንን ስታነብ ኖራለች። አሁን ሕመሟን ጠይቀው ‹‹ደህና ነኝ›› ትላለች፣ ድንዛዜዋን ጠይቀው ‹‹ይሰማኛል›› ትላለች። እንግዲህ ዛሬ ላምናት ብፈልግ ምኑን ልመናት? ያኔ እውነቷን አልተቀበልኩም፤ ዛሬ በእጄ ያለው ትሕትናዋ ነው።

ልጁ የነገረን አንድ ምክር ግን አለ፤ የደነዘዘ እግር ጫማ ከማጥለቁ በፊት ጫማው ውስጥ በእጅ ይዳሰስ። ጠጠር፣ የተጣጠፈ ገበር፣ የወደቀ መርፌ እግሩ አያውቀውምና። እቴቴ ማጎንበስ ስለማትችል ይህ የእኔ ሥራ ሆኗል። ጠዋት ቢሮ ከመሄዴ በፊት እጄን በሁለቱም ጫማ ውስጥ እስከ ጫፉ አስገብቼ እፈትሻለሁ።

ዛሬ በግራው ውስጥ አንድ ነገር ጣቴን ቆረቆረኝ። አወጣሁት።

‹‹ምን አገኘህ?›› አለችኝ።

‹‹የቡና ፍሬ።››

‹‹ጥሬ ነው የተቆላ?››

‹‹የተቆላ።››

‹‹ታዲያ ስጠኛ፣ እሱ አይጣልም›› ብላ እጇን ዘረጋች።